የሻከረ ድምፅ ምን ይነግረናል? የድምፅ ሕመም አመራመር ከጆሮ እስከ ስትሮቦስኮፕ

ሦስት ሰዎች በአንድ ቀን ወደ አንድ ከአንገት በላይ ሐኪም ቀረቡ እንበል። የመጀመሪያዋ 60 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል የምታስተምር የ32 ዓመት መምህርት ናት። ሁለተኛዋ ከ2 ወር በፊት የእንቅርት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ወይዘሮ ናቸው። ሦስተኛው ለብዙ ዓመታት ሲጋራ ሲያጨሱ የኖሩ የ60 ዓመት አዛውንት ናቸው። የሦስቱም አቤቱታ አንድ ነው፤ «ድምፄ ሻከረብኝ» ይላሉ። ሦስቱም ወደ ሐኪም ከመምጣታቸው በፊት ዝንጅብል በማር ጠጥተዋል፤ ከመድኃኒት ቤትም የጉሮሮ ከረሜላና አንቲባዮቲክ ገዝተው ወስደዋል። ድምፃቸው ግን አልተመለሰም።

እነዚህን ሰዎች ለምሳሌ ያህል በሐሳብ የፈጠርናቸው ብንሆንም ችግራቸው በየሕክምና ቤቱ የሚያጋጥም እውነተኛ ችግር ነው። በዚህ ጽሑፍ ሦስቱን ከምርመራው መጀመሪያ እስከ ፍጻሜው እየተከተልን ሐኪሞች የድምፅን ሕመም በምን መንገድ እንደሚመረምሩ እንገልጻለን። ከመነሻው ሊታወቅ የሚገባው ነገር የድምፅ መሻከር ራሱን የቻለ በሽታ ሳይሆን ምልክት መሆኑ ነው። ጆሮ አንድ እክል መኖሩን ይነግረናል፤ የእክሉን ምንነት ግን ለብቻው ሊነግረን አይችልም። የምርመራው ጥበብም የተመሠረተው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ድምፅ እንዴት ይፈጠራል?

በአንገታችን የፊት ክፍል የሚገኘው፣ በተለይም በወንዶች ላይ ጎልቶ የሚታየው አካል ማንቁርት ይባላል። በውስጡ ሁለት የድምፅ አውታሮች አሉ። «አውታር» የሚለው ስያሜ የክራርን ክር ቢያስታውሰንም እነዚህ አካላት በሁለት ጫፍ የተወጠሩ ክሮች አይደሉም፤ ከጡንቻ የተሠሩና በለስላሳ ስስ ሽፋን የተለበጡ ሁለት እጥፋቶች ናቸው። ርዝመታቸው በአዋቂ ወንድ በግምት ከ17 እስከ 25 ሚሊ ሜትር፣ በአዋቂ ሴት ደግሞ ከ12 እስከ 17 ሚሊ ሜትር ነው።

ስንተነፍስ አውታሮቹ ተራርቀው ለአየር መንገድ ይከፍታሉ። ስንናገር ግን ይቀራረባሉ፤ ከሳምባ የሚወጣው አየር ገፍቶ ይከፍታቸዋል፤ እነርሱም በመለጠጥ ባሕርያቸውና በአየሩ ግፊት መለዋወጥ ምክንያት ተመልሰው ይገጥማሉ። ይህ መከፈትና መግጠም በአዋቂ ወንድ በሰከንድ 120 ጊዜ፣ በሴት ደግሞ 200 ጊዜ ያህል ይደጋገማል። መምህርቷ በቀን ውስጥ ድምፅ የምታወጣባቸው ቅጽበቶች ተደምረው አንድ ሰዓት ቢሞሉ አውታሮቿ በዚያው ቀን 720,000 ጊዜ እርስ በርስ ይጋጫሉ ማለት ነው። ጮክ ብላ ስትናገር ደግሞ ግጭቱ እየበረታ ይሄዳል።

ጤናማ ድምፅ እንዲወጣ ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው፤ በቂ የአየር ግፊት፣ አውታሮቹ በሚገባ መገጣጠማቸው፣ እንዲሁም የሽፋናቸው ልስላሴና የንዝረታቸው ወጥነት። ከእነዚህ አንዱ ሲጓደል ድምፁ ይሻክራል፣ ይደክማል ወይም ትንፋሽ ይቀላቀልበታል።

አውታሮቹን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭም ልብ ሊባል ይገባዋል። ይህ ነርቭ በቀጥታ ወደ ማንቁርት አይሄድም። በግራ በኩል ያለው እስከ ደረት ከወረደ በኋላ ከልብ የሚወጣውን ታላቁን የደም ቧንቧ ከሥር ዞሮ ወደ ላይ ይመለሳል፤ በመንገዱም በታይሮይድ ዕጢ ጀርባ ያልፋል። በ2ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሐኪሙ ጋለን ይህ ነርቭ ሲቆረጥ የሚጮህ አሳማ ድምፁን እንደሚያጣ በአደባባይ አሳይቶ ነበር። በመሆኑም የእንቅርት ቀዶ ሕክምና፣ በደረት ውስጥ የበቀለ ዕጢ፣ አልፎ አልፎም በልብ በሽታ ምክንያት የተለጠጠ የልብ ክፍል የሰውን ድምፅ ሊለውጡ ይችላሉ። የሕመሙ ምክንያት ከጉሮሮ ርቆ ሊገኝ የሚችለው ለዚህ ነው።

ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ ነው

ሐኪሙ መሣሪያ ከማንሳቱ በፊት ይጠይቃል። የድምፁ ለውጥ የጀመረው መቼ ነው? በድንገት ነው ወይስ ቀስ በቀስ? ጠዋት ይሻላል ወይስ ማታ? ሥራዎ ምንድን ነው? ሲጋራ ያጨሳሉ? ቀዶ ሕክምና ተደርጎልዎታል? ለመዋጥ ወይም ለመተንፈስ ይቸገራሉ? በአንገትዎ ላይ እብጠት አለ? ሳል፣ የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስስ? የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ በአገራችን ክብደት የሚሰጠው ነው፤ የሳምባ ነቀርሳ ወደ ማንቁርት ሊደርስና በድምፅ መሻከር ሊገለጥ ይችላልና።

መልሶቹ ሦስቱን ሰዎች ከወዲሁ መለየት ይጀምራሉ። የመምህርቷ ድምፅ ቅዳሜና እሑድ ይሻሻላል፤ ዓርብ ማታ ከሁሉ ይብሳል። የወይዘሮዋ ድምፅ የተለወጠው ከማደንዘዣው ከነቁበት ሰዓት ጀምሮ ነው፤ ውኃ ሲጠጡም ትን ይላቸዋል። የአዛውንቱ ደግሞ ለ3 ወራት ያለ ፋታ እየባሰ የመጣ ነው።

ከዚህ ጋር ታማሚው ራሱ ሕመሙን እንዲመዝን ይደረጋል። እ.ኤ.አ. በ1997 ታትሞ በብዙ ቋንቋዎች የተተረጎመ አንድ መጠይቅ 30 ጥያቄዎች አሉት፤ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ስለሚሰጥ ከፍተኛው ድምር 120 ይሆናል። ጥያቄዎቹ የሚመለከቱት ድምፁ በሥራ፣ በማኅበራዊ ኑሮና በመንፈስ ላይ ያደረሰውን ጫና ነው። ይህ መለኪያ ያስፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው። ብዙውን ጊዜውን ከወረቀት ጋር የሚያሳልፍ የመዝገብ ቤት ሠራተኛና ቅዳሴ የሚቀድስ ዲያቆን እኩል የሻከረ ድምፅ ቢኖራቸው ጉዳታቸው እኩል አይደለም። የመጀመሪያው ችግሩን ከቁም ነገር ላይቆጥረው ይችላል፤ ለሁለተኛው ግን አገልግሎቱን የሚያሳጣ ነው።

የሠለጠነ ጆሮ

ቀጥሎ ባለሙያው ያዳምጣል። ይሁን እንጂ ማዳመጡ በዘፈቀደ አይደለም። የጃፓን ባለሙያዎች ያዘጋጁትና እ.ኤ.አ. በ1981 በሐኪሙ ሚኖሩ ሂራኖ መጽሐፍ አማካይነት በዓለም የታወቀው «ግርባስ» የተባለ መመዘኛ ድምፅን በአምስት ነገሮች ይመዝናል፤ እነርሱም የእክሉ ጠቅላላ ደረጃ፣ መሻከር፣ ትንፋሽ መቀላቀል፣ መድከምና መጨነቅ ናቸው። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል፤ 0 ጤናማ፣ 3 ከባድ ማለት ነው።

ታማሚው «አ» የሚለውን ድምፅ ሳያቋርጥ እንዲያወጣ፣ ከዚያም ዓረፍተ ነገሮች እንዲያነብ ይደረጋል። ዓረፍተ ነገሮቹ የሚመረጡት ለትርጉማቸው ሳይሆን በውስጣቸው ለያዟቸው ድምፆች ነው። ለምሳሌ «ወንድሜ ለልጁ ማር ገዛ» በሚለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያሉት ተነባቢዎች በሙሉ አውታሮቹን የሚያነዝሩ ናቸው፤ ስለዚህ ጤናማ አውታር ያለው ሰው ንዝረቱን ሳያቋርጥ ሊለው ይችላል። «እኔ ማን ነኝ?» የሚለው ደግሞ ተነባቢዎቹ ሁሉ በአፍንጫ የሚያልፉ ናቸው። በአንጻሩ «ጠላውን ጠጥቶ ጨረሰ» ስንል ጠ እና ጨ አውታሮቹ ጥብቅ ብለው ተዘግተው ማንቁርት ወደ ላይ ከፍ ሲል የሚፈጠሩ ፈንጂ ድምፆች ናቸው። እንግሊዝኛ ቃላትን የሚለዩ እንዲህ ያሉ ድምፆች የሉትም። በመሆኑም ለእንግሊዝኛ የተዘጋጀን የንባብ ፈተና ቃል በቃል ተርጉሞ ለአማርኛ ተናጋሪ መስጠት አያዋጣም፤ ፈተናው ከቋንቋው ድምፆች ተነስቶ እንደ አዲስ መዘጋጀት አለበት።

የሠለጠነ ጆሮም ቢሆን ይሳሳታል። ሁለት ባለሙያዎች አንድን ድምፅ ሰምተው የተለያየ ነጥብ ሊሰጡ ይችላሉ። ስለዚህ ድምፁ ይቀዳል፤ ኋላም ከሕክምና በፊትና በኋላ የተቀዳው ጎን ለጎን ይነጻጸራል።

የእጅ ሰዓትና አንድ ትንፋሽ

ከሰዓት በቀር ምንም መሣሪያ የማይጠይቁ ሁለት ፈተናዎች አሉ። በመጀመሪያው ታማሚው በረጅሙ አየር ስቦ «አ» እያለ እስከቻለ ድረስ ይቆያል። ጤናማ አዋቂ በአብዛኛው 15 ሰከንድና ከዚያ በላይ ይቆያል፤ ከ10 ሰከንድ በታች ከሆነ ጥርጣሬ ያሳድራል።

ሁለተኛው ፈተና ጥርጣሬው ወደ ሳምባ ነው ወይስ ወደ አውታሮቹ የሚለውን ለመለየት ይረዳል። ታማሚው በአንድ ትንፋሽ «ስ…»፣ በሌላ ትንፋሽ ደግሞ «ዝ…» እያለ እንዲቆይ ይጠየቃል። ሁለቱ ድምፆች በአፍ ውስጥ የሚፈጠሩት በአንድ ዓይነት አኳኋን ነው፤ ልዩነታቸው «ዝ» የአውታሮችን ንዝረት መጠየቁ ብቻ ነው። ችግሩ የሳምባ አቅም ከሆነ ሁለቱም እኩል ያጥራሉ። አውታሮቹ በሚገባ የማይገጥሙ ከሆነ ግን አየሩ በክፍተቱ ስለሚባክን የሚያጥረው «ዝ» ነው። ወይዘሮዋ «ስ» እያሉ 18 ሰከንድ፣ «ዝ» እያሉ 9 ሰከንድ ብቻ ቢቆዩ ንጽጽሩ 2 ይሆናል። ጤናማው ወደ 1 የሚጠጋ ሲሆን ከ1.4 በላይ የሆነው በአውታሮቹ ላይ እክል እንዳለ ያመለክታል። እንዲህ ያለ ውጤት ለጥርጣሬ እንጂ ለፍርድ አይበቃም፤ ነገር ግን በማንኛውም ጤና ጣቢያ ሊገኝ የሚችል ማስረጃ ነው።

ኮምፒውተሩ ምን ይለካል?

የተቀዳው ድምፅ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ እያንዳንዱ የአውታር ንዝረት የወሰደው ጊዜ ሊሰላ ይችላል። በሰከንድ 200 ጊዜ የሚነዝር አውታር ለአንዱ ንዝረት 5 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል። ተከታታይ አራት ንዝረቶች 5.00፣ 5.05፣ 4.98 እና 5.03 ሚሊ ሰከንድ ወሰዱ እንበል። በአጎራባቾቹ መካከል ያለው ልዩነት 0.05፣ 0.07 እና 0.05 ስለሆነ አማካዩ 0.057 ገደማ ነው። ይህን ለንዝረቶቹ አማካይ ርዝመት ለ5.015 ስናካፍለው 1.1 በመቶ ያህል እናገኛለን። ይህ መለኪያ «ጂተር» ይባላል። የንዝረቱ ስፋት ከአንዱ ወደ ሌላው ሲለዋወጥ የሚለካበት ደግሞ «ሺመር» ይባላል። በጤናማ ድምፅ ጂተር ብዙውን ጊዜ ከ1 በመቶ በታች ነው። በእርግጥ አራት ንዝረት ለምሳሌ እንጂ ለምርመራ አይበቃም፤ በተግባር በመቶዎች የሚቆጠሩ ንዝረቶች ይሰላሉ። ለዚህ ሥራ የሚያገለግለውንና በአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ የተሠራውን «ፕራት» የተባለ ፕሮግራም ማንኛውም ሰው ያለ ክፍያ ሊጠቀምበት ይችላል።

ሆኖም ስሌቱ አንድ ደካማ ጎን አለው። ድምፁ እጅግ የሻከረ ሲሆን አንዱ ንዝረት የት አብቅቶ ሌላው የት እንደሚጀምር ኮምፒውተሩ መለየት ያቅተዋል፤ ስለዚህ መለኪያው እጅግ በሚፈለግበት ሰዓት የማይታመን ይሆናል። በዚህ ምክንያት የእያንዳንዱን ንዝረት ወሰን ማግኘት የማይጠይቅ፣ በድምፁ ውስጥ ያለውን አጠቃላይ ወጥነት የሚለካ «ሴፕስትረም» የተባለ ዘዴ በአሁኑ ጊዜ ተመራጭ ሆኗል።

ከትንሽ መስታወት እስከ ስትሮቦስኮፕ

እስካሁን ያየናቸው ፈተናዎች ሁሉ ሊያደርጉት ያልቻሉት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም አውታሮቹን ማየት ነው። በሕያው ሰው ጉሮሮ ውስጥ የሚነዝሩ አውታሮችን በማጥናት ታላቅ እርምጃ ያደረገው ሐኪም ሳይሆን የዘፈን መምህር ነበር። ስፔናዊው ማኑዌል ጋርሲያ እ.ኤ.አ. በ1854 ረጅም እጀታ ያለውን ትንሽ የጥርስ ሐኪም መስታወት ወደ ጉሮሮው አስገብቶ፣ በሌላ የእጅ መስታወት የፀሐይን ብርሃን ወደዚያ በማንጸባረቅ የራሱን አውታሮች ለመመልከት ቻለ። ያየውንም በተከታዩ ዓመት ለንደን ለሚገኘው ሮያል ሶሳይቲ አቀረበ። ብዙም ሳይቆይ ሉድቪግ ቱርክና ዮሐን ቸርማክ የተባሉ ሐኪሞች መስታወቱን ለሕክምና አገልግሎት አዋሉት።

ዛሬ የመስታወቱን ቦታ ኤንዶስኮፕ ይዞታል። አንዱ ዓይነት በአፍንጫ በኩል የሚገባ ቀጭንና ተጣጣፊ ቱቦ ሲሆን ታማሚው እየተናገረ ሳለ ያሳያል። ሌላው በአፍ በኩል የሚገባ ቀጥ ያለ ዘንግ ነው። ምርመራው ታማሚው ነቅቶ ተቀምጦ ሳለ በጥቂት ደቂቃዎች ይጠናቀቃል።

ይሁንና በሰከንድ 200 ጊዜ የሚነዝርን ነገር ዓይን ሊከተለው ስለማይችል በተራ ብርሃን የሚታየው ብዥታ ነው። ስትሮቦስኮፕ ይህን ችግር በብልሃት ይፈታዋል። አውታሮቹ በሰከንድ 200 ጊዜ ቢነዝሩና መብራቱ በሰከንድ 199 ጊዜ ብልጭ ቢል፣ እያንዳንዱ ብልጭታ ከፊተኛው ጥቂት ዘግይቶ የንዝረቱን ቀጣይ ደረጃ ያበራል። ዓይን እነዚህን ቅንጥብጣቢ ምስሎች ስለሚያያይዛቸው በሰከንድ አንድ ጊዜ ብቻ በዝግታ የሚነዝር አውታር ይታየናል። በእርግጥ የምናየው ከብዙ ንዝረቶች የተለቀመ ምስል ነው፤ ስለዚህ ንዝረቱ ወጥ ካልሆነ ዘዴው አይሠራም። ያን ጊዜ በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠሩ ምስሎችን የሚያነሳ ፈጣን ካሜራ ያስፈልጋል።

ሦስት ድምፆች፣ ሦስት ምስሎች

እንግዲህ ወደ ሦስቱ ሰዎች እንመለስ። ጆሮ የሰጣቸው ጠቅላላ ነጥብ ለሦስቱም 2 ነበር እንበል፤ ጂተራቸውም እምብዛም የተራራቀ አይደለም። በኤንዶስኮፕ የታየው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው።

በመምህርቷ ሁለት አውታሮች ላይ ግጭቱ በሚበረታበት ቦታ ትይዩ የሆኑ ሁለት ትንንሽ እብጠቶች ታዩ። በቆፋሪ መዳፍ ላይ መጅ እንደሚወጣ ሁሉ እነዚህም ከተደጋጋሚ ግጭት የመጡ ናቸው። ሕክምናቸው በቅድሚያ ቢላዋ ሳይሆን የድምፅ አጠቃቀም ሥልጠና ነው።

የወይዘሮዋ የግራ አውታር አይንቀሳቀስም፤ የቀኙ ሊገጥመው ቢሞክርም መሐል ላይ ክፍተት ይቀራል። ነርቩ ካልተቆረጠ በወራት ውስጥ ሊያገግም ይችላል። እስከዚያው ድረስ በቴራፒ ወይም የሰነፈውን አውታር በመርፌ በሚሰጥ ነገር ወደ መሐል በመግፋት ድምፃቸውን መርዳትና ትንታውን መቀነስ ይቻላል።

በአዛውንቱ አንድ አውታር ላይ ነጭ ጠባሳ መሳይ ነገር ታየ፤ በስትሮቦስኮፕም ሌላው የአውታሩ ሽፋን እንደ ሞገድ ሲንቀሳቀስ በዚያ ቦታ ላይ ሞገዱ ይቆማል። ይህ ሽፋኑ ከሥሩ ካለው አካል ጋር መጣበቁን ስለሚያመለክት ሐኪሙ ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ያዛል። ውጤቱ የማንቁርት ካንሰር ነው ብንል እንኳ ተስፋው ትልቅ ነው። በአውታር ላይ የሚነሳ ካንሰር ገና በትንሽነቱ ንዝረቱን ስለሚያውክ ከብዙ የካንሰር ዓይነቶች አስቀድሞ ራሱን ያጋልጣል፤ በጊዜ ከተደረሰበትም አብዛኞቹ ሕሙማን በጨረር ወይም በቀዶ ሕክምና ብቻ ይድናሉ። የሚያሳዝነው ይህ ማስጠንቀቂያ እንደ ጉንፋን ተቆጥሮ ወራት ሲያልፉ ነው።

ታዲያ የቁጥሮቹ ጥቅም ምንድን ነው? ቁጥሮቹ ሕመሙን ባይሰይሙም ክብደቱን ይመዘግባሉ። መምህርቷ ከሥልጠናው በኋላ ስትመለስ መሻሻሏን የሚያረጋግጡት የመጠይቁ ድምር፣ የትንፋሹ ሰከንድና የጂተሩ መጠን ናቸው። የአውሮፓ የማንቁርት ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው መመሪያ የሠለጠነ ጆሮ፣ ስትሮቦስኮፕ፣ የኮምፒውተር ስሌት፣ የትንፋሽ መለኪያና የታማሚው ምዘና አንድ ላይ እንዲወሰዱ የመከረው አንዱ የሌላውን ቦታ ሊተካ ስለማይችል ነው።

አራት ሳምንት

ከጉንፋን ጋር የሚመጣ የድምፅ መዘጋት ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። መንስኤውም በአብዛኛው ቫይረስ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አይፈይድም። ከዚያ በላይ ሲቆይ ምን ያህል መታገሥ ይገባል? የአሜሪካ ከአንገት በላይ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ ማንቁርት እስኪታይ የፈቀደው ጊዜ እስከ 3 ወር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ግን ይህን ወደ 4 ሳምንት አሳጠረው። ታማሚው የሚያጨስ ከሆነ፣ በአንገቱ ላይ እብጠት ካለ፣ መተንፈስ ወይም መዋጥ ካስቸገረው፣ ደም ካሳለው፣ ወይም የድምፁ ለውጥ ቀዶ ሕክምናን ተከትሎ ከመጣ አራቱ ሳምንት እንኳ ሊጠበቅ አይገባም።

በአገራችን ከአንገት በላይ ሐኪሞች የሚገኙት በአመዛኙ በትልልቅ ከተሞች ነው። ሆኖም በዚህ ጽሑፍ ከዘረዘርናቸው ደረጃዎች ጥያቄው፣ ማዳመጡ፣ «ስ» እና «ዝ»፣ እንዲሁም በተንቀሳቃሽ ስልክ መቅዳት ሐኪም ቤት በሌለበት ቦታ እንኳ ሊከናወኑ የሚችሉ ናቸው። የእነርሱ ተግባር ማን ወደ ከተማ መላክ እንዳለበት መለየት ነው። አውታሮቹን ማየትን ግን የሚተካው የለም። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ በቤትዎ፣ በትምህርት ቤትዎ ወይም በሥራ ቦታዎ ድምፁ ሻክሮ አንድ ወር የሞላው ሰው ካለ ዝንጅብሉንና ማሩን አይከልክሉት፤ «ጉሮሮህን የተመለከተ ሐኪም አለ?» ብለው ግን ይጠይቁት።